የአራታችን በግ

ሎስ አንጀለስ እስክመጣ ድረስ በግ ኖሮኝ አያውቅም። ያደግሁት አዲስ አበባ፣ የጎረቤት ጣሪያ ከእኛ ጣሪያ ጋር በተጋጠመበት ግቢ ውስጥ ስለሆነ በግን የማውቀው በበዓል ዋዜማ ነው። ማታ ይገባል፣ ሌሊቱን ሲጮህ ያድራል፣ በማግስቱ ድስት ውስጥ ይገኛል። የራሴን በግ ያገኘሁት ሠላሳ ዓመት አልፎኝ፣ የሐበሻ ሱቆች በተደረደሩበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ነው። እሷንም ያገኘኋት ለብቻዬ አልነበረም፤ ለአራት ነበር። ሩቧ የእኔ ነው። የትኛው ሩብ እንደሆነ ግን እስከ መጨረሻው አልተስማማንም።

ነገሩ የጀመረው በጸሎት ቡድናችን ነው። ቡድን ስል ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ አራት ነን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእትዬ ሱቅ ጓዳ እንሰበሰባለን። እትዬ በርበሬ፣ ሽሮ፣ እንጀራና የስልክ ካርድ ይሸጣሉ፤ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ማንም ሰው ባዶ እጁን ከሱቃቸው እንዲወጣ የማይፈቅዱ ሴት ናቸው። ለጸሎት የመጣነውም እንኳ ስንወጣ አንድ ነገር መግዛት አለብን። ጓዳዬ ውስጥ የተከማቸው አብሽ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው።

ሁለተኛው ጋሼ ናቸው። ሃውቶርን ውስጥ የአውሮፕላን ዕቃ በሚሠራ ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባልድዊን ሂልስ ላይ ቤት ያላቸው፣ ሰባ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ሰው ናቸው። መነጽር አያደርጉም። መነጽር የሽማግሌ ነው ይላሉ። ሦስተኛው ሾፌሩ ነው፤ ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። በልጅነቱ መጥቶ እዚሁ ያደገ ስለሆነ አንቱ የሚባለው ነገር ከአፉ አይወጣም። ጋሼን «ጋሼ፣ በላህ እንዴ?» ይላቸዋል። እትዬ ይህን በሰሙ ቁጥር ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ።

አራተኛዋ እኔ ነኝ። ያኔ ኮሪያታውን የሚባል ሰፈር ከሁለት ሴቶች ጋር ቤት ተጋርቼ እኖር ነበር፤ ቀን ቀን አንዲት አሮጊት ፈረንጅ እንከባከባለሁ። መድኃኒታቸውን ምላሳቸው ሥር ደብቀው የዋጡ መስለው ስለሚያዩኝ፣ ሥራዬ አዛውንት ምን እንደሚደብቅ አስተምሮኛል ብዬ እኮራ ነበር።

በጓን ወደ ሕይወታችን ያስገቧት እትዬ ናቸው። የአክስታቸው ልጅ ገጠር መምህር ነው። በሀገራችን ከብት ለርቢ መስጠት የቆየ ልማድ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ያለው ለሌለው ይሰጣል፣ ተቀባዩ ያረባል፣ የተወለደውን ይካፈላሉ። መምህሩ ይህንን ልማድ ለተማሪ አዞረው። አንዲት እናት በግ ለተማሪዋ በብድር ትሰጣለች። ተማሪዋ ግልገሎቹን እየሸጠች የቤት ኪራይና ደብተሯን ትችላለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ አንዲት ሴት ግልገል ለሚቀጥለው ልጅ ታስረክባለች። ብድሩም በግ፣ ክፍያውም በግ ነው። እትዬ ሲያስረዱን ጋሼ ጠረጴዛውን መታ አድርገው «ባንክ ማለት እንዲህ ነው» አሉ።

ለእኛ የደረሰችን ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል የገባች ነበረች። ከእናቷ ጋር ሁለት ብቻቸውን ናቸው። የመሰናዶ ትምህርት ቤቱ ያለው ከተማ ስለሆነ ከመንደሯ ተመላልሳ መማር አትችልም፤ ክፍል ተከራይታ መቀመጥ አለባት። በጓን እናቷ መንደር ትጠብቃለች፣ ልጅቷ ከተማ ትማራለች። ግልገል ከተወለደ ትቀጥላለች፣ ካልተወለደ ወደ ቤት ትመለሳለች። ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለውም።

በመስከረም መምህሩ የበጓን ፎቶ ላከልን። ነጭ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ብቻ አንድ ትልቅ ጥቁር ምልክት አለባት። በዚህ ምልክት ላይ ያደረግነውን ክርክር በሌላ ነገር ላይ አድርገን አናውቅም። ሾፌሩ «ካሊፎርኒያን ነው የሚመስለው፣ ሉክ፣ ይሄ ሳንዲየጎ» አለ። እትዬ የጫማ ሶል ነው አሉ። እኔ የምትሮጥ ዶሮ መሆኗን በግልጽ አየሁ፤ ሁለት እግር፣ ወደ ፊት የተዘረጋ አንገት፣ የቆመ ጅራት። ጋሼ ስልኩን በተዘረጋ ክንዳቸው አርቀው ያዙና ለሾፌሩ «ልክ ነህ»፣ ለእትዬ «ልክ ነሽ»፣ ለእኔም «ልክ ነሽ» አሉ። ምንም እንዳላዩ ያወቅነው ስልኩን ዘቅዝቀው እንደያዙት ስናይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆንነውን ስናገር አሁንም ያሳፍረኛል። እትዬ ፎቶውን አሳትመው ገንዘብ መቀበያው አጠገብ ለጠፉት፤ ገበያተኛው ሁሉ «ይሸጣል?» እያለ አስቸገራቸው። ሾፌሩ ከኤርፖርት ለሚጭናቸው መንገደኞች «ማይ ሺፕ» እያለ ያሳያል። የእኔ አሮጊት በየጠዋቱ «በጋችን እንዴት አደረች?» ይሉኛል፤ መድኃኒታቸውን መዋጥ የጀመሩት እንዲያውም በበጓ ምክንያት ነው። ጋሼ ደግሞ እዚያ ዝናብ መኖሩን ሳያጣሩ ጸሎት አይጀምሩም ነበር። አራት ሰው፣ አንድ በግ። ለራሳችን ልጅ እንዲህ አንሆንም።

በጥር ጋሼ ለእህታቸው ልጅ ሠርግ አገር ቤት ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት «በጓን ሳላይ አልመለስም» አሉ። እኛም እንደ መልእክተኛ መርቀን ሸኘናቸው።

ሲመለሱ ቅዳሜ ዕለት ጓዳው ውስጥ ከበብናቸው።

«ጋሼ፣ በጓን አየሃት?» አለ ሾፌሩ።

«ለግጦሽ ወጥታ ነበር። ልጅቷም ትምህርት ቤት ነበረች» አሉ። «ግን እናትየዋ! ሳልነግር ነው የደረስኩት። ቁጭ ይበሉ አሉኝ፣ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ጥብስ መጣ። ከዚያ ቅቅል መጣ። ከዚያ ደግሞ ወጥ። እንዲያ ያለ የበግ ሥጋ እኔ ከተወለድኩ በአፌ አልዞረም። ቅቤ በይው።»

እትዬ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኛ ምራቃችንን ዋጥን። አንዲት ሴት ብቻዋን የምትኖርበት ድሃ ቤት ውስጥ ያ ሁሉ ሥጋ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። እኔ እንዲያውም ድንች ነበረበት ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«ልመለስ ስል ደግሞ ይህን አልፍተው ላኩልኝ» ብለው አንድ ጥቅል አሳዩን። በደንብ የተለፋ አጎዛ ነው፤ ጸጉሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ በገመድ ታስሯል። ኤርፖርት ላይ እንዴት እንዳሳለፉት አልነገሩንም። ወገባቸውን ስለሚያማቸው መኪናቸው ውስጥ፣ የሾፌር መቀመጫው ላይ አነጠፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወገባቸው እንደተሻላቸው በየሳምንቱ ይመሰክሩልን ነበር።

የካቲት ገባ፣ መጋቢት ገባ፣ ግልገል የለም። ወደ ልጅቷ እንደውላለን። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ሲሠራም እንዲህ ነው።

«በጓ እንዴት ናት?» እላታለሁ።

«እናንተ ደህና ናችሁ? ጋሼ በሰላም ገቡ?»

«ገብተዋል። በጓስ?»

«ወገባቸውን ተሻላቸው?»

«ተሽሏቸዋል። ስለ በጓ ነው የምጠይቅሽ።»

«እዚያ ብርድ ነው አሉ፤ እውነት ነው?»

በሚያዝያ ስለ በጓ መጸለይ ጀመርን። ጋሼ ጎበዝ ጸሎተኛ ናቸው፤ ሲጸልዩ ድምፃቸው እስከ ገንዘብ መቀበያው ይሰማል። «ለመካኖች ልጅ የሰጠህ አምላክ ሆይ፣ ለበጋችንም ማኅፀኗን ክፈትላት!» ይላሉ። እኛም «አሜን» እንላለን። በርበሬ ሊገዙ የመጡ ሰዎችም ሳያውቁ «አሜን» ይላሉ።

ግንቦት ላይ እትዬ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ልጅቷ ሸጣታለች» አሉ። «ስለ በጓ ስትጠየቅ ወሬ የምትለውጥ ሰው ምን ትባላለች? ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሰብንላትን ሁለተኛ በግ ለሌላ ልጅ እናድርገው። ለመምህሩም ነግሬዋለሁ።»

«ኦኬ፣ ግን ትምህርቷስ?» አለ ሾፌሩ።

«ትምህርቷን ራሷ ታስብበት ነበር።»

ጋሼ ብቻ «አንድ ጊዜ እንጸልይና እንወስን» ብለው ተነሡ። ያ ቅዳሜ የልጅቷ ዕድል ተዘጋ ማለት ነበር፤ እንዳይዘጋ ያደረገው የጋሼ ጸሎት ነው። ኃይሉ ሳይሆን ርዝመቱ።

ጸሎቱ ሲረዝም ለጋሼ መኪና ማቆሚያ የተከፈለበት ሰዓት ሊያልቅ ሆነ። እትዬ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ በክርናቸው ጎሰም አድርገውኝ «መኪናቸውን ሙቭ አድርጊላቸው፣ ቲኬት እንዳይመጣባቸው» አሉኝ በሹክሹክታ። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ወጣሁ።

የመኪናውን በር ከፈትኩ። ጋሼ ሳይቀመጡበት ያንን መቀመጫ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ነጭ አጎዛ ነው። መሐሉ ላይ አንዲት ጥቁር ዶሮ ትሮጣለች። ሁለት እግር፣ የተዘረጋ አንገት፣ የቆመ ጅራት። ጋሼ አራት ወር ሙሉ ስለተቀመጡባት ትንሽ ተጠፍጥፋለች እንጂ ራሷ ናት።

ሩቤ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። በሩን እንደያዝኩ መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ከውስጥ የጋሼ ድምፅ «ማኅፀኗን ክፈትላት» ሲል ይሰማኛል። የትራፊክ ሠራተኛው መጥቶ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ። «በጋችን ናት» አልኩት በእንግሊዝኛ። መቀመጫውን አየ፣ እኔን አየ፣ የቅጣት ቲኬቱን ጽፎ መስኮቱ ላይ ሰካና ሄደ። አልፈርድበትም።

ጋሼ ቲኬታቸውን ይዘው እያጉረመረሙ ከሄዱ በኋላ ለሁለቱ ነገርኳቸው። እትዬ የሽሮ ከረጢት ላይ ተቀመጡ።

«ዌይት፣ ዌይት» አለ ሾፌሩ። «ሶ ጋሼ በጋችንን በላት?»

«አዎ።»

«ደግሞ ይቀመጥባታል?»

«አዎ።»

«ደግሞ እንድትወልድ ይጸልያል?»

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው። ከዚያ በእርግጥ አለቀሱ። «ልጅቷን ሌባ ብያታለሁ እኮ» አሉ። «በራሴ አፍ።»

ለልጅቷ ደወልንላት። እኔ ነበርኩ የተናገርኩት፤ እትዬ አጠገቤ ቆመው እጄን ይዘዋል።

«የጋሼን አጎዛ አየሁት» አልኳት። «ጀርባዋ ላይ ያለውን ምልክት አወቅሁት።»

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ? ሃሎ?» አልኩ።

«እናቴ ምን ታድርግ?» አለች። «ከአሜሪካ ድረስ ሰው መጣባት። በረት ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር በጓ ብቻ ነበረች። ከዚያ ርቀት ለመጣ እንግዳ ሽሮ ታቅርብ?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽንም?»

«ምን ብዬ? በጋችሁን ጋሼ በሏት ልበል? ሰውየው ያፍራሉ። እንግዳችን ናቸው።»

«ሸጠሻት መስሎን ነበር እኮ። ልንተውሽ ነበር።»

«አውቃለሁ። መምህሩ ነግሮኛል።»

«ታዲያ እስካሁን በምን ተማርሽ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያ ድንች ቀቅዬ እሸጣለሁ።»

እኛ በእትዬ ጓዳ ዓይናችንን ጨፍነን ስለ ማኅፀን ስንጸልይ እሷ አውቶቡስ ለአውቶቡስ ድንች ትሸጥ ነበር። እንደዚያን ዕለት አፍሬ አላውቅም። ትምህርቷ ሊቀር እያየች አንድ ሰው ብቻ እንዳያፍር ብላ አፏን ዘጋች፤ ያውም በሕይወቷ አይታው የማታውቀው ሰው።

ከመዝጋታችን በፊት «አንድ ነገር ልለምናችሁ» አለች። «ለጋሼ አትንገሯቸው። ደግሞም፣» አለችና ትንሽ አመነታች፣ «ሌላ በግ የምትልኩልኝ ከሆነ፣ እባካችሁ እንግዳ አትላኩብኝ።»

በዚያው ሰሞን ሁለት እናት በጎች ላክን፤ አንደኛዋ ያረገዘች። ችግሩ ጋሼ ነበሩ። መቼም እንዲህ ሆነ አንላቸውም፤ በጎቹ ለምን ሁለት ሆኑ ቢሉስ? ሾፌሩ «ሲምፕል ነው፣ ወለደች እንበለው» አለ። አልን። ሦስታችንም ጌታን የምንፈራ ሰዎች ፊታቸው ተደርድረን «ወለደች» አልናቸው። ጋሼ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው እልል አሉ። እኛ እዚያ ላይ ያልቃል ብለን ነበር። እሳቸው ግን በእሑዱ በቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ሰዓት ወደ ፊት ወጥተው ማይክሮፎን ያዙ፤ በጸሎት ስለወለደችው በግ ለጉባኤው ሁሉ መሰከሩ። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። እትዬ መዝሙር መጽሐፋቸው ውስጥ ተደበቁ። እኔ ጫማዬን ሳስር ቆየሁ፤ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነበር።

በኅዳር ጋሼ መንጃ ፈቃድ ሊያሳድሱ ሄደው ዓይናቸውን ሲመረመሩ ወደቁ። ያለ መነጽር አንሰጥም ተባሉ። ቅዳሜ ዕለት ወፍራም ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ተኮሳትረው ገቡ። ሾፌሩ «ጋሼ፣ ሃንድሰም ሆነሃል» አላቸው። ገንዘብ መቀበያው ጋ ስንደርስ ቆም አሉ። ከዚያ አንድ ኪሎ ሽሮ ገዙና ራሴን አሞኛል ብለው ሳይጸልዩ ሄዱ። በሚቀጥለው ሳምንት አጎዛው ከሾፌር መቀመጫው ላይ ተነሥቷል። «ምነው?» አልኳቸው። «ሙቀቱ ነው» አሉኝ። ሎስ አንጀለስ በኅዳርም ይሞቃል፤ አመንኳቸው። አዛውንት የሚደብቀውን አውቃለሁ የምለው ሴት ማለት እኔ ነኝ።

ያረገዘችው በግ በመስከረም መንታ ወልዳ ነበር፤ በታኅሣሥ ሁለተኛዋም ተከተለች። ልጅቷ ወንዶቹን ለፋሲካ ገበያ ሸጣ የቤት ኪራይዋን ከፈለች፣ ድንች መሸጡን ተወች። ሁሉም ነገር መልክ ያዘ ስንል ጋሼ ደግሞ ሌላ ሠርግ አገኙ። የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ከፋሲካ በኋላ። «መንገዴን ወደዚያችም ልጅ አደርጋለሁ» አሉ።

ያልሞከርነው የለም። እኔ የደም ግፊታቸውን ለክቼ አስጊ ነው አልኳቸው፤ ከእኔ የተሻለ ነበር። እትዬ እናትየዋ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች አሉ። ሾፌሩ «ጋሼ፣ መንገዱ ክሎዝድ ነው፣ አትድከም» አላቸው። «በእግሬ እገባለሁ» አሉና ሄዱ። መጨረሻ ላይ ለመምህሩ ደውለን በጎቹን እንዲደብቅልን ለመንነው። «በጎችን ከማን ነው የምደብቀው?» አለ። «ከባለቤቱ» አለው ሾፌሩ።

አንድ ጠዋት ለአሮጊቷ ገንፎ ሳቀርብ ስልኬ ጮኸ። ልጅቷ ናት። የፈተና ጥናት ስለነበር ቤቷ መጥታ ነበር።

«ጋሼ መጡ» አለችኝ።

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። «በጎቹስ?»

«ግቢ ውስጥ ናቸው። እናቴ ገና ሰላም ብላቸው ሳትጨርስ ቢላ ልታመጣ ተነሣች። እሳቸው ቀድመው ጾም ላይ ነኝ አሉ።»

«ጋሼ? ጋሼ እኮ ጴንጤ ናቸው።»

«እናቴም ይህንኑ አለቻቸው። ደግሞ በሃምሳው ውስጥ ነን፤ ከፋሲካ በኋላ እኮ መነኩሴም አይጾምም። በሃምሳው የምን ጾም ነው ስትላቸው፣ የግሌ ነው አሏት።»

ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ሃያ ምናምን ዓመት ጾምን አስመልክቶ ከእትዬ የኦርቶዶክስ ደንበኞች ጋር ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«እናቴ ከፋት» አለች ልጅቷ። «ምነው፣ ያኔ ያበላሁዎት አልጣመዎትም? ብላ እንባ አወጣች። እሳቸው ሲደነግጡ ብታያቸው! ሽሮ አምጪልኝ አሉ። ሦስት ጊዜ አስጨመሩ። ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ አሞገሱት። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወደ በረቱ ሄደው መነጽራቸውን እየጠረጉ በጎቹን አንድ በአንድ ሲያዩ ዋሉ። የሁሉንም ጀርባ።»

ጋሼ ተመልሰው በመጡ ሳምንት ከጸሎት በኋላ ወደ ኮሪያታውን ላድርስሽ አሉኝ። ፊት ለፊት ተቀምጬ ቦርሳዬን ወደ ኋላ ላስቀምጥ ስዞር አጎዛዋ የኋላ ወንበር ላይ ናት። በሥርዓት ተጣጥፋለች፤ ዶሮዋ ወደ ላይ ናት። የመቀመጫ ቀበቶም ታስሮላታል።

«መቼ ነው ያወቁት?» አልኳቸው።

መብራት ላይ ቆመን ነበር። «መነጽሩን የገዛሁ ዕለት» አሉ። «እትዬ ሱቅ ፎቶዋን አየኋት። እውነትም ዶሮ ነው የሚመስለው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«እናንተ እንዳታውቁ ነዋ። እትዬ ብትሰማ ደንግጣ ትሞትብኛለች።» ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ። «እናንተስ መቼ አወቃችሁ?»

ነገርኳቸው። ቲኬቱንም፣ ድንቹንም። ስለ ድንቹ ስነግራቸው መኪናዋን ዳር ይዘው ፓርክ አደረጉና ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። አንድ መኪና ጡሩምባ ነፋብን። «ልጄን በልቼባት» አሉ፤ በጓን ሳይሆን ልጅቷን ማለታቸው ነበር። ወደ ኋላ እጄን ልኬ የላላውን ቀበቶ አጠበቅሁ። ካልጠፋ ነገር ያን ማድረጌ አሳቃቸው።

«ያ በቤተ ክርስቲያን የመሰከሩትስ?» አልኳቸው ቤቴ ስንደርስ።

«እሱን ከጌታ ጋር እየተነጋገርንበት ነው» አሉ።

ለእትዬና ለሾፌሩ ምንም ላለመናገር ተስማማን። እነሱም ለጋሼ ላለመናገር እንደተስማሙ ነበሩ። እኔ መሐል ሆኜ ከሁለቱም ወገን ምስጢር ጠባቂ ሆንኩ፤ ክረምቱ እንዲህ አለፈ።

ውጤት የወጣ ሰሞን ቅዳሜ ዕለት ልጅቷ ደወለች። እትዬ ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አድርገው ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«አልፌያለሁ» አለች። «ዩኒቨርሲቲ ደርሶኛል።»

እትዬ እልልታቸውን ለቀቁት፤ ውጭ ገበያተኛው ሁሉ ወደ ጓዳው አንገቱን አሰገገ። ሾፌሩ ጠረጴዛውን ይደበድባል። እኔ እያለቀስኩ ነበር፤ ምንም አላፈርኩም።

«ብድሬንም መልሻለሁ» አለች ልጅቷ። «ትልቋን ሴት ግልገል ለጎረቤታችን ልጅ ሰጠኋት፤ ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ትገባለች።»

ጋሼ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ መጥቼ በአካል ልመርቅሽ እፈልጋለሁ። እናትሽ ይፈቅዱልኛል?»

እትዬ ወደ እኔ አዩ፣ እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ከወዲያ ማዶ ልጅቷ ከእናቷ ጋር በሹክሹክታ ስትነጋገር ይሰማል።

«ይምጡልን ትላለች» አለች ተመልሳ። «ቤትዎ ነው። ግን ጋሼ፣ በሁዳዴ ይምጡ።»

መጀመሪያ የፈነዳው ሾፌሩ ነው፤ ከዚያ እትዬ፤ ከዚያ ስልኩ ውስጥ እናትየዋ ራሷ። ጋሼ ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩንና መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እሺ ልጄ» አሉ። «በሁዳዴ እመጣለሁ።»